መንግሥቱ ልኮ የጠራው መሐንዲስ፤ የጃን ቲየንዮው ሕይወትና ሥራ

አንድ መንግሥት ወጣቶቹን ባሕር አሻግሮ ወደ ሌላ አገር ዩኒቨርሲቲ በሚልክበት ጊዜ ሁለት ነገሮችን አብሮ ይልካል፤ አንደኛው ተስፋው ነው፤ ሁለተኛው ሥጋቱ ነው። ተስፋው፣ ተማሪው ዕውቀት ሸምቶ እንዲመለስለት ነው፤ ሥጋቱ ደግሞ፣ ተማሪው ዕውቀቱን ሲሸምት ልቡን እዚያው ሸጦ እንዳይቀር ነው። በዚህም ምክንያት የላኪው መንግሥት እጅ ተማሪውን ተከትሎ እስከ መማሪያ ክፍሉና እስከ ማደሪያ ቤቱ ድረስ ይዘልቃል። ተቀባዩ መንግሥትም በበኩሉ በሩን ሲከፍትም ሆነ ሲዘጋ የራሱ ስሌት አለው። መንግሥታት ከድንበራቸው ውጭ ባሉ የዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ስለሚያሳድሩት ተጽዕኖ በዘመናችን ብዙ ይነገራል፤ ብዙም ይጻፋል። ይሁን እንጂ ነገሩ አዲስ አይደለም፤ ከመቶ ኀምሳ ዓመት ያላነሰ ዕድሜ አለው።

ይህንን ጉዳይ በገዛ ሕይወቱ የሚያስረዳልን አንድ የሙያ ባልደረባ አለን። እርሱም ቻይናውያን የባቡር ሐዲዳቸው አባት እያሉ የሚያከብሩት መሐንዲስ ጃን ቲየንዮው ነው። መንግሥቱ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ ልኮ አስተማረው፤ እዚያም ሳለ በተቆጣጣሪዎች ዓይን አስጠበቀው፤ በመጨረሻም ከነጓደኞቹ ጠርቶ አስመለሰው። በተመለሰ ጊዜም የተማረውን ሙያ ትቶ ሌላ እንዲማር አደረገው። ታሪኩን በአጭሩ ለመተረክ የተነሣነው፣ በባቡር መንገዱ ለመደነቅ ብቻ አይደለም፤ አንድ መንግሥት በሰው አገር በሚገኝ ግቢ ውስጥ እጁን ሲያስገባ ምን እንደሚያተርፍና ምን እንደሚያጠፋ በአንድ ሰው ዕድሜ ልክ መዝኖ ለማየትም ጭምር ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር የተሰጡ መሆናቸውን አንባቢ እንዲገነዘብልን እናሳስባለን።

ልጁና የውሉ ወረቀት

ጃን ቲየንዮው በኤፕሪል 26 ቀን 1861 በደቡብ ቻይና፣ በካንቶን ከተማ አጠገብ በሚገኘው በናንሃይ ወረዳ ተወለደ። ቤተ ሰቡ ቀድሞ በሻይ ንግድ የሚተዳደር ነበር፤ ንግዱ እየተዳከመ በመምጣቱ ግን እርሱ በተወለደበት ዘመን የቤቱ ኑሮ መጠነኛ ሆኖ ነበር። አገሪቱም ራሷ ክፉ ጊዜ ላይ ነበረች። በኦፒየም ምክንያት በተነሡት ሁለት ጦርነቶች በውጭ ኃይሎች ተሸንፋለች፤ በውስጧም የታይፒንግ ዐመፅ ብዙ ሕዝብ ፈጅቶባታል። ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ዜንግ ጉዎፋንንና ሊ ሆንግጃንግን የመሳሰሉ ታላላቅ ሹማምንት መድፍና መርከብ ከመግዛት አልፎ፣ መድፉንና መርከቡን የሚሠራውን ዕውቀት ማግኘት እንደሚያስፈልግ ተረዱ።

ለዚህ አሳብ መነሻ የሆነው ሰው ዩንግ ዊንግ ይባላል። ይህ ሰው በ1854 ከአሜሪካው ዬል ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ወጣ፤ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን ፈጽሞ በመመረቅም ከቻይናውያን ሁሉ የመጀመሪያው ሆነ። ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሲያስብና ሲያግባባ ቆይቶ፣ ቻይናውያን ልጆች በመንግሥት ወጪ ወደ አሜሪካ ሄደው እንዲማሩ ያቀረበው ዕቅድ በ1871 በቺንግ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት ዘንድ ተቀባይነትን አገኘ። ዕቅዱ ሰፊ ነበር። በየዓመቱ ሠላሳ፣ ሠላሳ ልጆች በአራት ዙር፣ በድምሩ 120 ልጆች ይላካሉ፤ እያንዳንዱም ልጅ ለ15 ዓመት ያህል በአሜሪካ ይማራል፤ ወጪውም ከሻንጋይ ጉምሩክ ገቢ ይሸፈናል ተብሎ ተወሰነ።

ገንዘቡ ቢገኝም ልጆቹን ማግኘት ቀላል አልሆነም። ባለጠጎችና መሳፍንት ልጆቻቸውን ወደማያውቁት አገር ለመላክ አልፈቀዱም፤ ለልጆቻቸው ይመኙላቸው የነበረው በጥንቱ ሥርዐት ተፈትነው ለሹመት መብቃትን ነበርና። ስለዚህ አብዛኞቹ ልጆች የተገኙት ከባሕር ማዶ ሰዎች ጋር ለረጅም ዘመን ሲነግዱ ከኖሩት ከካንቶን አካባቢ ቤተ ሰቦች ነው። የጃን አባትም መጀመሪያ አመንትቶ ነበር። አመኔታውን ያገኘው በአንድ የቤተ ሰብ ወዳጅ ማግባባት ሲሆን፣ ያ ወዳጅ ልጁ ተምሮ ሲመለስ ሴት ልጁን ሊድርለት ቃል ገባ። ቃሉም ከብዙ ዓመታት በኋላ ተፈጸመ። አባትየው የፈረመው የውል ወረቀት ልጁ ተምሮ ሲመለስ መንግሥት በሚያዝዘው ሥራ ላይ እንደሚሰማራ፣ በባዕድ አገር ሕመም ወይም ሞት ቢደርስበትም ዕጣው እንደሆነ ተቆጥሮ መንግሥት እንደማይጠየቅበት የሚገልጽ ነበር። ከዚያች ቀን ጀምሮ የአሥራ አንድ ዓመቱ ልጅ በአንድ በኩል የአባቱ፣ በሌላ በኩል የመንግሥቱ ልጅ ሆነ ለማለት ይቻላል።

በሃርትፎርድ የቆመው ቤት

የመጀመሪያዎቹ ሠላሳ ልጆች በኦገስት 1872 ከሻንጋይ በመርከብ ተነሥተው ሰላማዊውን ውቅያኖስ አቋርጠው ሳን ፍራንሲስኮ ገቡ። ከዚያም የአሜሪካን ምድር ከምዕራብ እስከ ምሥራቅ በባቡር ተሻገሩ። ያ የባቡር መንገድ ከተጠናቀቀ ገና ሦስት ዓመቱ ነበር። በቻይና ግን በዚያን ጊዜ አንድም የባቡር መሥመር አልነበረም። ከአራት ዓመት በኋላ በ1876 የውጭ ነጋዴዎች ከሻንጋይ ወደ ዉሱንግ አንድ አጭር መሥመር ቢከፍቱም፣ የቻይና ባለሥልጣናት በ1877 ገዝተው ነቃቅለውታል። ጃን ቲየንዮው ወደ ባቡር አገር ሲገባ፣ መንግሥቱ ደግሞ በአገር ቤት ሐዲድ ያስነቅል ነበር ማለት ነው።

ልጆቹ በኮኔቲከትና በማሳቹሴትስ ክፍላተ ሀገር ሁለትም ሦስትም እየሆኑ በአሜሪካውያን ቤተ ሰቦች ዘንድ እንዲኖሩ ተደለደሉ። ጃን የደረሰው በዌስት ሄቨን ከሚኖረው ከኖርዝሮፕ ቤተ ሰብ ዘንድ ነበር። የቤቱ ጌታ የትምህርት ቤት ኀላፊ ነበረ፤ ባለቤቱም እንደ ልጇ አድርጋ ያዘችው። ከዚያ ቤተ ሰብ ጋር የነበረውን የደብዳቤ ግንኙነት አገሩ ከገባ ከብዙ ዓመታት በኋላም አላቋረጠም። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን በኒው ሄቨን ጨርሶ፣ በ1878 የዬል ዩኒቨርሲቲ ክፍል በሆነው በሸፊልድ የሳይንስ ትምህርት ቤት ገብቶ ሲቪል ምሕንድስና ማጥናት ጀመረ። በሒሳብ ትምህርት ተሸላሚ እስከ መሆን የደረሰ ብርቱ ተማሪ ነበር።

ይሁን እንጂ ተማሪዎቹ በአሜሪካ ምድር ሆነው ከመንግሥታቸው እጅ አልወጡም ነበር። የትምህርት ልዑኩ ዋና ጽሕፈት ቤት በሃርትፎርድ ከተማ ተቋቋመ፤ በኋላም መማሪያ ክፍል፣ የመመገቢያ አዳራሽና ማደሪያ ያለው ሰፊ ሕንጻ ተሠራለት። ዩንግ ዊንግ ሕንጻው በጽኑ እንዲሠራ የደከመው፣ ልዑኩ በአሜሪካ ሥር እንዲሰድና መንግሥቱ በቀላሉ አሳቡን እንዳይለውጥ በማሰብ ነበር። ልጆቹ በየተራ ወደዚህ ቤት እየተጠሩ የቻይና ቋንቋና የኮንፊሺየስን መጻሕፍት ይማሩ፣ የንጉሠ ነገሥቱም ትእዛዝ ይነበብላቸው፣ ወደ ፔኪንግ አቅጣጫም ዞረው እጅ ይነሱ ነበር። በቀሩት ወራት ግን ከአሜሪካውያን እኩዮቻቸው ጋር ይውላሉ፤ ቤዝ ቦል ይጫወታሉ፤ እሑድ እሑድ ከአሳዳሪዎቻቸው ጋር ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ። አንድ ልጅ በሁለት መንግሥታት መካከል፣ በሁለት ሥርዐተ ትምህርት ሥር ይኖር ነበር ማለት ይቻላል።

ከአገር ቤት የሚላኩት ተቆጣጣሪዎችና ዩንግ ዊንግ ከመጀመሪያው አንሥቶ አልተስማሙም። የመጀመሪያው ዋና ኮሚሽነር ቼን ላንቢን በጥንቱ ሥርዐት ያደገ ሹም ስለ ነበር፣ ልጆቹ በሜዳ ላይ መሮጣቸውና ባሕር ማዶ ልብስ መልበሳቸው አያስደስተውም ነበር። በ1880 ገደማ በኮሚሽነርነት ሥራውን የያዘው ዉ ዝደንግ ደግሞ ከዚያ የባሰ ጥብቅ ሆነ። ወደ ፔኪንግ የሚጻፉት ሪፖርቶች ሁሉ አንድ ዓይነት ይዘት ነበራቸው፤ ልጆቹ የአገራቸውን ቋንቋ እየዘነጉ ነው፤ ለታላላቆቻቸው እንደ ወጉ እጅ አይነሱም፤ ጥቂቶቹ ክርስትና ተቀብለዋል፤ የመንግሥት ታማኝነት ምልክት የሆነውን ወደ ኋላ የሚጎነጎነውን ጸጉራቸውን የቈረጡም አሉ የሚል ነበር።

ለእውነት ሲባል፣ ይህ ሥጋት ከባዶ ሜዳ የተነሣ አልነበረም። ዩንግ ዊንግ ራሱ በ1852 የአሜሪካ ዜግነት የተቀበለ፣ በ1875ም አሜሪካዊት ያገባ ሰው ነበር። ከተማሪዎቹም መካከል ክርስትናን በስውር የሚሰብክ ማኅበር ያቋቋሙ ነበሩ። ልጆቹን ከተቀበሉት ቤተ ሰቦችና ቀሳውስት መካከልም ነፍሳቸውን ለማዳን የሚያስቡ አልጠፉም። ገንዘቡን የከፈለ መንግሥት ያስተማረው ሰው ለማን እንደሚያገለግል ቢጠይቅ ተገቢ ነው፤ ማንም ላኪ ይህን ይጠይቃል። ችግሩ በመጠየቁ አልነበረም፤ በመለኪያው ነበር። ከሃርትፎርድ ወደ ፔኪንግ የሚሄደው ሪፖርት በጸጉርና በስግደት ላይ ያተኮረ ሲሆን፣ የትኛው ልጅ ምን ያህል ድልድይ ማስላት እንደሚችል፣ የትኛውስ ማዕድን ማንጠር እንደ ለመደ መዝኖ የሚያቀርብ አልነበረም። እኛ መሐንዲሶች የአንድን ምሰሶ ጥንካሬ በቀለሙ የሚፈትሽ ተቆጣጣሪ ቢላክብን ምን እንደምንል ሁላችንም እናውቃለን።

ጥሪው

ነገሩን ያባባሰው የላኪው ጥርጣሬ ብቻ ሳይሆን የተቀባዩም አድራጎት ጭምር ነው። ቻይናና አሜሪካ በ1868 በተፈራረሙት የበርሊንጌም ውል መሠረት፣ ቻይናውያን በአሜሪካ መንግሥት ሥር ባሉ ትምህርት ቤቶች የመማር መብት ነበራቸው። የቺንግ መንግሥት ከዚህ ሁሉ ድካም በተለይ ይጠብቀው የነበረው፣ ጥቂት ተማሪዎቹ በዌስት ፖይንት የጦር ትምህርት ቤትና በአናፖሊስ የባሕር ኃይል ትምህርት ቤት ገብተው እንዲማሩለት ነበር። ዩንግ ዊንግ ጥያቄውን ባቀረበ ጊዜ ግን የአሜሪካ መንግሥት ለቻይናውያን ተማሪዎች ቦታ የለም ሲል መለሰ። በዚያው ዘመን በካሊፎርኒያ በቻይናውያን ሠራተኞች ላይ የተነሣው ጥላቻ እየበረታ ሄዶ በ1882 ቻይናውያን ሠራተኞች እንዳይገቡ የሚከለክለውን ሕግ እስከ ማስወጣት ደረሰ። ስለዚህ በፔኪንግ ያሉት ተቃዋሚዎች የሚይዙት በቂ ምክንያት አገኙ፤ ልጆቻችንን እየወሰደ የሚፈለገውን ትምህርት የማይሰጥ አገር ምን ያደርግልናል የሚል ነው።

ጥሪው እንዳይመጣ የተማጠኑ አልጠፉም። የዬሉ ፕሬዚዳንት ኖዋ ፖርተር ከሌሎች የትምህርት ሰዎች ጋር ሆኖ ለቻይና የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ጻፈ። የሃርትፎርዱ ቄስ ጆሴፍ ትዊቼልና ደራሲው ማርክ ትዌን ወደ ቀድሞው ፕሬዚዳንት ወደ ዩሊሰስ ግራንት ሄደው አማላጅ እንዲሆናቸው ለመኑት፤ ግራንትም ለሊ ሆንግጃንግ ደብዳቤ ላከ። በዚህ ምክንያት ነገሩ ጥቂት ወራት ዘገየ እንጂ አልቀረም። በጁን 1881 ልዑኩ እንዲዘጋና ተማሪዎቹ ሁሉ እንዲመለሱ ተወሰነ።

ትእዛዙ በደረሰ ጊዜ ከ120ዎቹ መካከል የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ይዘው የነበሩት ሁለት ብቻ ናቸው፤ ጃን ቲየንዮውና ኦያንግ ገንግ። ሁለቱም በዚያው ዓመት ከዬል ተመረቁ። ጃን የመመረቂያ ጽሑፉን ያዘጋጀው በወደብ ላይ ስለሚተከል የዕቃ ማንሻ ክሬን ነበር። የቀሩት ጓደኞቹ ገሚሱ ሁለተኛ፣ ገሚሱ አንደኛ ዓመት ላይ ነበሩ፤ የኮሌጅ ደጃፍ ያልረገጡም ነበሩ። መንግሥቱ ለዘጠኝ ዓመት ያህል ወጪ ካደረገ በኋላ ድልድዩን ከማዶው ዳርቻ ሊያገናኘው ጥቂት ሲቀረው ሥራውን አቆመው። ጥሪው አንድ ዓመት ቀድሞ ቢመጣ ኖሮ ጃንም ካልጨረሱት መካከል በሆነ ነበር።

ሰባቱ ዓመታት

ከዘጠና በላይ የሚሆኑት ተማሪዎች ሻንጋይ በደረሱ ጊዜ ወገን ወጥቶ አልተቀበላቸውም። በወታደር ተከበው ለረጅም ጊዜ ሰው ባልገባበት በአንድ ያረጀ ትምህርት ቤት ውስጥ ለጥቂት ቀናት ታጐሩ፤ ከዚያም እንደ ዕቃ በየመሥሪያ ቤቱ ተከፋፈሉ። ድልድላቸውም ያጠኑትን ትምህርት የተከተለ አልነበረም። ገሚሱ ወደ ቴሌግራፍ፣ ገሚሱ ወደ ባሕር ኃይል ተላከ።

ጃን ቲየንዮው የሲቪል መሐንዲስ ዲግሪውን እንደ ያዘ፣ መርከብ መንዳት እንዲማር በፉጆው ወደሚገኘው የባሕር ኃይል ትምህርት ቤት ተመደበ። ትእዛዙን ተቀብሎ እንደ ጀማሪ ተማሪ ተቀመጠ። ቀጥሎም አስተማሪ ሆነ። በኦገስት 1884 የፈረንሳይ መርከቦች የፉጆውን ባሕር ኃይል ባጠቁ ጊዜ በአሜሪካ አብረውት ካደጉት ጓደኞቹ አንዳንዶቹ በመርከባቸው ላይ ሞቱ። ጸጉራቸውን ቈረጡ፣ ታማኝነታቸውን አጐደሉ የተባሉት ልጆች ለዚያው መንግሥት በባሕር ላይ መሞታቸውን ለተቆጣጣሪዎቹ ሪፖርት የሚጽፍ ግን አልነበረም። ከዚያ በኋላ ጃን ወደ ትውልድ ክፍለ ሀገሩ ወደ ካንቶን ተዛውሮ በወታደራዊ ትምህርት ቤት አስተማረ፤ የባሕሩንም ጠረፍ በመቀየስ ካርታ ሠራ።

ከ1881 እስከ 1888 የሐዲድ ሥራ ሳይነካ ሰባት ዓመት አለፈ። በ1888 አንድ የሃርትፎርድ ጓደኛው ባደረገለት ጥቆማ በቲየንትሲን በሚገኘው የቻይና ባቡር ኩባንያ ውስጥ ተቀጠረ፤ የኩባንያው ዋና መሐንዲስ እንግሊዛዊው ክሎድ ኪንደር ነበር። ጃን ሥራውን ከታች ጀመረ። ስሙን ያስጠራው በሉዋን ወንዝ ላይ የተሠራው ድልድይ ነው። ርዝመቱ ከ600 ሜትር የሚበልጥ ሲሆን፣ የወንዙ ወለል አሸዋማና ጎርፉም ብርቱ በመሆኑ የምሰሶዎቹ መሠረት ከእርሱ በፊት የሞከሩትን የውጭ አገር ሰዎች አስቸግሮ ነበር። እርሱ የወንዙን ወለል ደጋግሞ ካጠና በኋላ የምሰሶዎቹን ቦታ ለወጠ፤ ከታች ክፍት የሆነ ትልቅ ሣጥን ወደ ወንዙ ወለል አስጠልቆ፣ በታመቀ አየር ውኃውን እያስወጣ ሠራተኞቹ በደረቅ እንዲቆፍሩ የሚያደርገውን ዘዴ ተጠቀመ። ድልድዩ በ1894 ተጠናቀቀ። በዚያው ዓመት የእንግሊዝ የሲቪል መሐንዲሶች ማኅበር አባል አደረገው።

ከተራራው ጋር

የሕይወቱ ታላቅ ሥራ ከፔኪንግ ወደ ሰሜን ምዕራብ እስከ ጃንግጂያኮው፣ በሌላ ስሟ እስከ ካልጋን ድረስ የሚዘረጋው መሥመር ነው። ይህ ሥራ በእጁ የገባበት ምክንያትም ከመንግሥታት ሽኩቻ የተነሣ መሆኑ ያስገርማል። እንግሊዝ ለሰሜኑ የባቡር መሥመር ብድር የሰጠች በመሆኗ መሐንዲሱ እንግሊዛዊ ይሁን አለች፤ ሩሲያም ከታላቁ ግንብ ሰሜን ያለው ምድር የእኔ ጥቅም ክልል ነው በማለት ተቃወመች። አንዱ ለሌላው የማይለቅ በመሆኑ ክርክሩ የተቋጨው፣ ቻይና በራሷ ገንዘብና በራሷ መሐንዲሶች ብቻ የምትሠራው ከሆነ ማንም አይቃወምም በሚል ነበር። ገንዘቡ ከሰሜኑ መሥመር ትርፍ ተገኘ። መሐንዲሱስ ከየት ይገኛል በተባለ ጊዜ በ1905 ዩዋን ሺካይ የመረጠው ጃን ቲየንዮውን ነው። ከሃያ አራት ዓመት በፊት ከዬል ግቢ የተጠራው ልጅ እነሆ አገሩ ከውጭ እጅ ነጻ ሆና ለመሥራት የምትመካበት ሰው ሆነ።

መሥመሩ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ችግሩ ያለው ከናንኮው እስከ ባዳሊንግ ባለው ጠባብ ሸለቆ ውስጥ ነበር። ጃን ጥቂት ረዳቶችን ይዞ፣ የመቀየሻ መሣሪያውን አስጭኖ በተራራው እየወጣና እየወረደ አማራጭ መሥመሮችን መረመረ። ገንዘቡና ጊዜው የሚፈቅዱለት በሸለቆው ውስጥ የሚያልፈውን አጭሩን መንገድ ብቻ ነበር። በዚህ መንገድ ላይ አራት ዋሻዎች መቈፈር ነበረባቸው። ከሁሉም የሚረዝመው የባዳሊንጉ 1,091 ሜትር ነው። ሥራውን ለማፋጠን ከሁለቱም ጫፎች ከመቈፈሩ በላይ፣ ከተራራው አናት ወደ ታች ቀጥ ያለ ጉድጓድ አስቈፍሮ ከመካከልም ወደ ሁለቱ አቅጣጫዎች እንዲቈፈር አደረገ። ድማሚት ከመኖሩ በቀር ሥራው ሁሉ የክንድ ሥራ ነበር፤ ድንጋዩም ውኃውም የሚወጣው በሰው ኃይል ነው።

ቁልቁለቱ ግን በዋሻ ብቻ የሚፈታ አልነበረም። በቺንግሎንግቺያው ጣቢያ የተጠቀመው ዘዴ ዛሬም ድረስ ለተማሪዎች ይነገራል። ባቡሩ ወደ ላይ ወጥቶ ከመሥመሩ ጫፍ ሲደርስ ይቆማል፤ ከዚያም የኋላው ፊት፣ የፊቱ ኋላ ሆኖ በሌላ ክንፍ ላይ አቅጣጫውን ለውጦ መውጣቱን ይቀጥላል። ከላይ ሲታይ መሥመሩ ሰው የሚል ትርጉም ያለውን የቻይና ፊደል ይመስላል። ከፍታው በ30 ሜትር አግድመት 1 ሜትር ስለሚደርስ፣ አንዱ ሎኮሞቲቭ ፉርጎዎቹን ከፊት ይስባል፤ ሌላው ከኋላ ይገፋል። ዘዴው በሌሎች ተራራማ አገሮችም የታወቀ ነበር፤ የጃን ብልኅነት በትክክለኛው ቦታ ላይ መጠቀሙና በዚህም የባዳሊንግን ዋሻ በእጅጉ ማሳጠሩ ነው። በ1905 የተጀመረው ሥራ በ1909 ተፈጸመ። ከታቀደለት ጊዜ ሁለት ዓመት ቀድሞ፣ ከተመደበለትም ገንዘብ በታች ነበር። በኦክቶበር 2 ቀን 1909 መሥመሩ በክብር ተመረቀ።

የተጠሩት ልጆች ያተረፉት

በዚያው በ1909 ሌላ ነገር ሆነ። አሜሪካ ከቦክሰሮች ዐመፅ በኋላ ከቻይና የምትቀበለውን የካሣ ገንዘብ ትርፍ በከፊል ለመመለስ በ1908 ወስና ስለ ነበር፣ በዚሁ ገንዘብ የሚማሩት የመጀመሪያዎቹ 47 ተማሪዎች ወደ አሜሪካ ተላኩ። ይህ በጎ አድራጎት ብቻ አልነበረም፤ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ኤድመንድ ጄምስ ገና በ1906 ለፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ባቀረበው ማስታወሻ፣ የቻይናን ወጣቶች የሚያስተምር አገር በንግድና በአሳብ ተሰሚነትን እንደሚያተርፍ አስረድቶ ነበር። ስለዚህ በ1881 በላኪው ሥጋት የተዘጋው በር፣ ከሃያ ስምንት ዓመት በኋላ በተቀባዩ ስሌት ተከፈተ። ከፋቾቹ ግን እነማን ነበሩ ቢባል፣ በዋሽንግተን የቻይና መልእክተኛ ሆኖ ስለ ገንዘቡ መመለስ የተከራከረው ሊያንግ ቼንግ፣ ተማሪዎቹንም ይዞ የሄደውና በኋላ የጺንግህዋ ትምህርት ቤት ኀላፊ የሆነው ታንግ ጉዎአን ሁለቱም በ1881 ከተጠሩት ልጆች መካከል ናቸው። ታንግ ሻዎዪ የተባለው ሌላው ጓደኛቸው በ1912 የሪፐብሊኳ የመጀመሪያ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። ዩንግ ዊንግ ይህን ለማየት በቅቶ በዚያው ዓመት በሃርትፎርድ ዐረፈ።

እነዚህ ሰዎች በሃርትፎርዱ ሪፖርት መሠረት አገራቸውን የረሱ ነበሩ። ነገር ግን ሲያገለግሉ የኖሩት አገራቸውን ነው። ጃን ቲየንዮው በተለይ ዕውቀቱን ለብቻው አልያዘም። ከፔኪንግ እስከ ካልጋን በተሠራው መሥመር ላይ ወጣት መሐንዲሶችን በየደረጃው እያሠራ አሠለጠነ። በ1913 የቻይና መሐንዲሶች ማኅበር ሲቋቋም የመጀመሪያው ሊቀ መንበር ሆነ። የሙያው ቃላት በእንግሊዝኛ ብቻ እንዳይቀሩ በማሰብ የእንግሊዝኛና የቻይንኛ የምሕንድስና መዝገበ ቃላት አዘጋጅቶ በ1915 አሳተመ። በዬል ግቢ የተማረውን በገዛ ቋንቋው እንዲነገር አደረገ ማለት ነው። የአገሩን ቋንቋ ይዘነጋሉ ተብሎ ከተፈራላቸው ልጆች አንዱ ቋንቋውን በዚህ መንገድ አበለጸገ።

በ1919 መጀመሪያ ላይ፣ የሳይቤሪያንና የምሥራቅ ቻይናን የባቡር መሥመሮች እንዲቆጣጠር በተቋቋመው የተባባሪ መንግሥታት የቴክኒክ ቦርድ ውስጥ ቻይናን ወክሎ እንዲሠራ ተላከ። ጤንነቱ ቀድሞ ተጓድሎ ስለ ነበር የሰሜኑን ብርድ አልቻለም፤ ታሞ ወደ ሃንካው ተመለሰና በኤፕሪል 24 ቀን 1919 በአምሳ ሰባት ዓመቱ ዐረፈ። በ1922 ሐውልቱ በቺንግሎንግቺያው ጣቢያ ቆመ፤ በ1982 ዐፅሙም ወደዚያው ተዛወረ። በ2019 መጨረሻ ላይ የተከፈተው አዲሱ ፈጣን ባቡር ከዚያ ጣቢያ ሥር በዋሻ ያልፋል።

ከዚህ ሕይወት ምን እናገኛለን? መንግሥታት በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ እጃቸውን ማስገባታቸውን አያቆሙም፤ ተማሪ የሚልክም ሆነ የሚቀበል መንግሥት ጥቅሙን ማሰቡ አይቀርምና። ነገር ግን የሃርትፎርዱ ቤት ታሪክ የሚያስጠነቅቀን ነገር አለ። በግቢው ውስጥ የተቀመጠው ዓይን የሚያየው ልብስን፣ ጸሎትንና ስግደትን ነው፤ በተማሪው አእምሮ ውስጥ እየተገነባ ያለውን ግን አያይም። ባላየው ነገር ላይ በሚፈርድበትም ጊዜ የሚያፈርሰው የራሱን ሀብት ነው። ከመቶ የሚበልጡ ልጆች ተልከው ሁለት ብቻ ዲግሪ ይዘው ሲመለሱ፣ ከሁለቱ አንዱ የሠራው ሥራ ይህን ያህል ከሆነ፣ ሳይጨርሱ የተመለሱት ትምህርታቸውን ቢፈጽሙ ኖሮ ምን ይሠሩ እንደ ነበር የሚያሰላ ቀመር የለንም። ከማኅበራችን አባላት መካከል በመንግሥታት ስምምነት በውጭ አገር የተማሩ ብዙዎች አሉ፤ ነገ ደግሞ ወጣቶችን ለመላክ ወይም የተመለሱትን በሥራ ለመደልደል ሥልጣን የሚሰጣቸው ከእኛው መካከል ይገኛሉ። ያን ጊዜ የሚጠየቀው የመጀመሪያው ጥያቄ ተማሪው ምን ተማረ፣ ምንስ ሊሠራልን ይችላል የሚል ይሁን። ሌላው ጥያቄ ሁሉ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።